አንድ ገጽ ተኩል ሐሳብ በሰባት ሥዕል

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ከሦስት ወር ትግል በኋላ፣ አንድ ገጽ ተኩል ልቦለድ ወደ 31 ሰከንድ አኒሜ (የጃፓን ዓይነት የሥዕል ፊልም) ለወጥኩ። ገና አይንቀሳቀስም፤ በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ነው። ቢሆንም ይህን ደስታ ለብቻዬ ይዤ መተኛት ስላልቻልኩ እነሆ፣ ለእናንተ እጽፋለሁ።

አጀማመሬን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ዓመት ያህል የአኒሜ ግምገማ በአማርኛ ስጽፍ ቆየሁ። ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ ያላሳተመችውን ምናባዊ ልቦለድ አነበብኩ፤ የቀበና ወንዝ ስለሚያናግራት ልጅ ነው። «አኒሜ ይሁን» አልኳት፣ ፈቀደችልኝ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ምዕራፎቹን በትዕይንት ከፋፈልኩ። እስከዚህ ድረስ ያስቸገረኝ ነገር አልነበረም።

ስለ መሣሪያ ለሚጠይቁኝ፦ የጃፓን አኒሜ ሠሪዎች ኤኮንቴ የሚሉት፣ ትዕይንቱን አስቀድመው በንድፍ የሚያቅዱበት ወረቀት አለ። አምስት ሣጥኖች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ በየሣጥኑ ጎን ድርጊቱ፣ ንግግሩና የሚወስደው ጊዜ ይጻፋል። ጊዜው በሰከንድና በፍሬም፣ ማለትም በነጠላ ምስል፣ ይለካል፤ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ይህን ሠንጠረዥ በማስመሪያ አሰመርኩና አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት 50 ቅጂ አስነሣሁ። ውድ የሥዕል ታብሌት ካልገዛሁ አልጀምርም የሚል ሰው ተሳስቷል፤ በዚህ አልደራደርም። ያቺ ጠባብ የሰከንድ ዓምድ ያስተማረችኝን ማንም አላስተማረኝም።

ሦስት ወር የፈጀብኝ ቦታ ይህ ነው። ልጅቷ የቀበና ድልድይ ላይ ቆማለች። እናቷ የተወችላትን ድንጋይ ወደ ወንዙ ትመልሰው ወይስ ታስቀረው? በልቦለዱ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ታስባለች፤ «ብላ አሰበች» የሚለው ሐረግ አሥራ አንድ ጊዜ ይመጣል። ሲነበብ ልብ ይነካል። እኔ ሐሳቧን በድምፅ አስነብቤ ፊቷን ብቻ ሣልኩ፤ በስልኬ ሰዓት ስለካው 52 ሰከንድ ሆነ፣ የሞተ 52 ሰከንድ። ቀጥሎ ዝናብና መብረቅ ጨመርኩበት፤ ጩኸት ሆነ። ከዚያ ሐሳቧን የምታካፍላት ጎረቤት ፈጠርኩላት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነበር፣ ምክንያቱም የታሪኩ ነፍስ የልጅቷ ብቸኝነት ነው።

መውጫውን ያገኘሁት «ሞሪቢቶ» ላይ ነው። የናሆኮ ኡዌሃሺ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፤ ኬንጂ ካሚያማ በ2007 በ26 ክፍል አኒሜ አድርጎ አቀረበው። ባልሳ የምትባል የሠላሳ ዓመት ጦረኛ፣ አባቱ እንዲገደል የፈረደበትን ልዑል ቻጉምን ትጠብቃለች። ከዚህ ቀደም በጻፍኩት ግምገማ መካከለኛዎቹን ክፍሎች «የተንዛዙ» ብያቸው ነበር። እውነቱን ልናገር፦ እራት እየበላሁ ነበር ያየኋቸው። አሁን ድምፁን ዘግቼ ደግሜ አየሁ። ባልሳ ጦሯን ይዛ ወደ አንጥረኛ የምትሄድበት ክፍል ውጊያ የለበትም፣ ሰዎች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ክብደቱን የተሸከመው ግን ዝም ብላ የምታዳምጠው ሴት አቀማመጥ ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ፊት መሣል አቆምኩና ወደ እጅ ዞርኩ።

እናቶቻችን ሳንቲም የሚቋጥሩት ነጠላቸው ጫፍ ላይ አይደል? ድንጋዩን እዚያ አስቋጠርኳት። ጣቶቿ ቋጠሮውን ይነካሉ። ያላላሉ። ከኋላዋ ታክሲ ሲያልፍ ይቆማሉ። መልሳ ታጠብቀዋለች፣ በጥርሷ ጭምር። አራተኛው ሥዕል ላይ፣ ጣቶቿ ባሉበት ሲቀሩ፣ 9 ሰከንድ ሰጠሁ። በሰባተኛው ቋጠሮው ተፈትቷል፤ አንድም ቃል አልተነገረም።

ለጓደኛዬ ሳሳያት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «የእናቷ አርባ ገና አልወጣም፤ ጥለቱን ለምን ወደ ታች አደረግኸው?» አለችኝ። ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ እንደምትለብስ አውቃለሁ፣ ሆኖም እጆቿን ብቻ ሳይ ዘነጋሁት። ሰባቱንም እንደገና ሣልኩ። ጥለቱ ሲዞር ደግሞ ሐዘኗን የሚያስረዱ ሁለት አንቀጾች ከነአካቴው አላስፈለጉም።

ግምገማ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልለምን፦ መጽሐፉን ሳታነቡ «ከመጽሐፉ ያንሳል» አትበሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ብያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሰው ሰምቼ። አንብባችሁም ቢሆን ልዩነት ቆጥራችሁ ብቻ አትፍረዱ። ጃፓናዊው የአኒሜ ዳይሬክተር ሃያዎ ሚያዛኪ «የሃውል ተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥት»ን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሠራ፣ በዳያና ዊን ጆንስ መጽሐፍ ዳር ላይ የነበረውን ጦርነት ወደ መሐል አምጥቶታል። መጠየቅ ያለበት ያ ጦርነት ለፊልሙ ምን እንደሠራለት ነው። የ«ሞሪቢቶ» ግምገማዬንም እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ አሮጌውን ከሥሩ ተውኩት።

አሁን የያዘኝ የወንዙ ንግግር ነው። በልቦለዱ ልጅቷ ወንዙን በቀጥታ አታናግረውም፤ ተራኪዋ ናት የምታወራልን። እኔ ዘንድ ግን አፏን መክፈት አለባት፣ የአማርኛ ግሥ ደግሞ ሳይመርጥ አያልፍም። «ውሰደው» ትበል፣ «ውሰጂው» ወይስ «ይውሰዱት»? ጓደኛዬ «ይውሰዱት» ትላለች፣ እናቷን የወሰደ ወንዝ ይከበራል ብላ። እኔ በ«ውሰጂው» ጸንቻለሁ። ስድስት ገጽ ኤኮንቴ የንግግር ዓምዱ ባዶ እንደሆነ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።