ቁጥሩስ መጣ፣ ማን አየው?

ክሊኒካችን ኮምፒውተር ሲገባ ከሁሉም በላይ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። የቤተሰብ ሐኪም ነኝ፤ ካርድ ፍለጋ አሰልችቶኛል። የባልደረቦቼ ጽሑፍ አይነበብም (የኔም ያው ነው)።

የጀመርነው በአንድ ነገር ነው። ግፊት ያለባቸው ታካሚዎች ቤታቸው ይለኩና ቁጥሩን በስልክ መተግበሪያ ይልኩልናል። አንዳንድ ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ ብቻ ግፊቱ ይወጣል። ግፊት ከፍ አለ የሚባልበት ወሰንም ለዚህ ይለያያል፤ ክሊኒክ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት 140/90 ቤት ሲሆን 135/85 ነው።

የአንዲት እናት ቁጥር በየቀኑ ከፍ ይል ነበር። መድኃኒት ልጨምርላቸው ስል፣ «እስቲ መሣሪያውን ይዘውት ይምጡ» አልኳቸው። ለካስ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መጠቅለያ ለክንዳቸው ጠባብ ነው! ጠባብ መጠቅለያ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል። አሁን መሣሪያ ከመስጠታችን በፊት ክንድ እንለካለን። አለካኩንም እዚያው እናለማምዳለን፦ 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባን ተደግፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀረውን አማካይ እንይዛለን።

ትልቁ ጥፋት ግን የኔ ነው። አንድ አባት ዓርብ ማታ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ልከው ኖሯል። ያየሁት ሰኞ ነው። ደግነቱ ምንም አልሆኑም። «ዶክተር አይተው ዝም ካሉ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። መተግበሪያውን ስንመርጥ ወራት ፈጅተናል፤ ቁጥሩን ማን፣ መቼ ያየዋል የሚለውን ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። አሁን ነርሷ በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት ታየዋለች። ለታካሚውም በጽሑፍ እንሰጣለን፦ ይህ የድንገተኛ መስመር አይደለም፤ ግፊትዎ ከ180/120 በልጦ ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም አንድ ጎንዎ ከደከመ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የመተግበሪያው ማንቂያማ ሌላ ጣጣ ነው። ለትንሹም ለትልቁም ሲጮህብን ሳናነብ መዝጋት ለመድን። አብዛኛውን አጠፋነው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሕፃን እናቱን «ዶክተሩ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ብሎ ጠየቃት። ለካ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። በማግስቱ ጠረጴዛውን አዙሬ ስክሪኑን ለታካሚውም እንዲታይ አደረግኩት። የመጀመሪያዋ ታካሚ ገና ከመቀመጧ የመድኃኒት ዝርዝሯን አየችና፣ «ውይ ዶክተር፣ ይሄን እኮ ከተውኩት ቆየሁ» አለችኝ።