ያረጀ ቡና ሲጎነደል

ዛሬ ቦንጋ አቅራቢያ አንድ አባት ያረጀ ቡናቸውን አቆጥቁጦ እንዲታደስ ሲጎነድሉ አገኘኋቸው። የበልግ ዝናብ ሳይገባ መጨረስ አለባቸው።

«አባባ፣ አሁንም ያፈራል እኮ። አያሳዝንም?» አልኳቸው።

«ያሳዝናል እንጂ! አባቴ የተከለው ነው» አሉና መጋዙን ቀጠሉ።

ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ያህል ትተው ነው የሚቆርጡት፤ ያውም ሰያፍ አድርገው። ሲጨርሱ የተቆረጠውን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ሻካራውን በቢላ አለሰለሱት። «ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል» አሉኝ። ዝናቡ ሲመጣ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስቱን ብቻ ያስቀራሉ። ከጥላው ሥር ያለውን ኮረሪማ ላለመርገጥ ደግሞ ዞረው ነው የሚሄዱት።

የተጎነደለ ቡና ደህና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ባለሙያ «ጎንድሉ» ሲል ልክ ነው። ግን በትንሽ ማሳ ለሚኖር ሰው ያ ጊዜ የልጅ ደብተር ነው፣ የቤት ወጪ ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚቆርጡት። «ገበሬው ለውጥ አይወድም» ሲባል ስሰማ ከልቤ ይከፋኛል። እነዚያን ዓመታት የሚያሻግር ብድር ቢያገኙ ኖሮ እኚህ አባት የማሳቸውን ግማሽ ዘንድሮ በጎነደሉት ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።