ሐረጎን እያሰብኩ ያየኋቸው የባሕር ማማዎች

አባቴ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር፣ ኮምቦልቻ ባለው ቤታችን ልጅነቴን ያሳለፍኩት ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ እየተመለከትኩ ነው። ጭነቱን ደሴ አራግፎ በሌሊት ሲመለስ የመኪናው መብራት ከተራራው ላይ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ እያለ ይታየን ነበር፤ ጉም ሐረጎን ሲያለብሰው ግን እናቴ የአባቴን ድምፅ በር ላይ እስክትሰማ ድረስ አትተኛም ነበር። ካንጋሮ ደሴት ስሄድ ከእንስሳቱ ይልቅ ለመርከቦች የተሠሩት የመብራት ማማዎች የሳቡኝ በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ደቡብ አውስትራሊያ፣ አደሌድ ከተማ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ፣ ከኬፕ ጀርቪስ ተነስተን መኪና በምታሻግር መርከብ በ45 ደቂቃ ካንጋሮ ደሴት ላይ ያለችው ፔነሾ ደረስን። ደሴቲቱ ከ4,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትሰፋ በአንድ ቀን አትዳረስም። በምሥራቅ ጫፍ ያለው የኬፕ ዊሎቢ ማማ እ.ኤ.አ. በ1852 የበራ፣ በክፍለ ግዛቱ የመጀመሪያው ሲሆን 27 ሜትር ይረዝማል። በሰሜን ምዕራብ በ1858 የተሠራው ኬፕ ቦርዳ ግን አራት ማዕዘንና አጭር ነው፤ የቆመበት ገደል ራሱ እጅግ ከፍ ስለሚል ረጅም ማማ አላስፈለገውም።

ልቤ የቀረው በደቡብ ምዕራቡ ኬፕ ዱ ኩዲክ ነው። በዚያ ዳርቻ በ1899 ሎክ ስሎይ፣ በ1905 ደግሞ ሎክ ቬናቻር የተባሉ ባለሸራ መርከቦች ተሰባብረዋል፤ ከሁለተኛይቱ አንድም ሰው አልተረፈም። ማማው በ1909 የበራው ከዚህ ሁሉ ሐዘን በኋላ መሆኑ አሁንም ያንገበግበኛል። 2,000 ያህል ጥርብ ድንጋይ የፈጀ ሲሆን፣ ጠባቂዎቹ ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ። ስንቃቸው በየሦስት ወሩ በመርከብ ዊርስ ኮቭ ከተባለው ሰርጥ ይደርስና፣ 90 ሜትር ገደማ በሚሆነው ገደል ላይ በሽቦ ገመድ እየተጎተተ ይወጣ ነበር። ጣሪያው የፈረሰውን የስንቅ ቤት ግድግዳ በእጄ ስዳስሰው፣ ጨው ያዘለው ነፋስ ድንጋዩን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዶት አገኘሁት። ቁልቁል ስመለከት ጉልበቴ ራደ፤ የዱቄት ጆንያ በዚያ ገደል ሲንጠለጠል ታየኝ።

ከማማው በታች፣ ባሕሩ ቦርቡሮ በሠራው የድንጋይ ቅስት ሥር፣ ሲል የሚባሉት ባለፀጉር የባሕር እንስሳት ተኝተው ነበር። አንዲት እናት ግልገሏን ስታጠባ፣ ማዕበሉ በደረሰ ቁጥር በአፍንጫዋ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ እህቴና እኔ ብርዱን ረስተን ቆመን ቀረን። በ2019 መጨረሻና በ2020 መባቻ የደሴቲቱን ግማሽ ያህል የበላው ሰደድ እሳት ያጠቆራቸው ዛፎች ከግንዳቸው አቆጥቁጠው፣ በሥራቸው ካንጋሮዎች ይግጡ ነበር።

ኮምቦልቻ ተመልሼ ፎቶዎቹን ለእናቴ ሳሳያት፣ ሲሎቹን አለፍ አለፍ አድርጋ ከጠባቂዎቹ ቤት ላይ ቆመች። መብራቱ ዛሬም በየሌሊቱ እንደሚበራ፣ ጠባቂ ግን እንደማያስፈልገው ነገርኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና፣ «መርከቡ የዘገየ እንደሆነ ሴቶቹ ለልጆቻቸው ምን ይጋግሩ ነበር?» አለችኝ።