የፍቺ ጠበቃ ይሉኛል

ደብረ ማርቆስ ላይ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቼ ቢሮ ስከራይ የቤተሰብ ጉዳይ እይዛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ የሠራሁት ወንጀል ነው። ሐሳቤ ውልና ንግድ ላይ ነበር፤ ገንዘቡ እዚያ ነው ሲባል ሰምቼ። መጀመሪያ የመጣችው ግን ለልጆቿ ቀለብ ማስወሰን የፈለገች እናት ናት። ከዚያ እህቷ መጣች፣ ከዚያ ጎረቤቷ። እዚህ አገር ማስታወቂያ ማለት ይኸው ነው።

አሁን "የፍቺ ጠበቃዋ" ነኝ። ሰርግ ቤት ስገባ የሚቀልዱብኝ አይጠፉም።

እውነቱን ለመናገር ፍቺው ራሱ ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው ንብረቱ ነው። ስንት ቃዳ መሬት አለ? በሬው ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተገዛው? ባሕር ዛፉን ማን ተከለው? መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ባልና ሚስት የሚካፈሉት የመጠቀም መብቱን ነው። እና የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ መኖሩ ስንቷን አዳነ! ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ የመጣች ሴት ወንበር ላይ አቀማመጧ ራሱ ይለያል። ባልየው "የአባቴ ርስት ነው" ቢልም የምንከራከርበት ወረቀት አለን።

"ሽማግሌ አፋቶናል እኮ" የሚሉኝም አሉ። አልፈርድባቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት አዞረ፤ ክልላችንም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ገጠር ግን የሽማግሌ ቃል ዛሬም ይከበራል። ችግሩ ሰውየው በዚያው ተማምኖ ሌላ ሲያገባ ነው። በሕግ ዓይን የመጀመሪያዋ አሁንም ሚስቱ ናት፤ ያኔ ራሴን ነው የምይዘው። ለዕርቅ ከሆነ ግን ሽማግሌን የሚያህል የለም። ታርቀው የሚሄዱ ደንበኞች ክፍያዬን ያሳንሱታል፣ ይሁን።

ስለ ክፍያ ካነሳሁ፣ ገበሬ ደንበኛዬ የሚከፍለኝ ጤፉን ወቅቶ ነው። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮውም ክፍያውም አብሮ ይተላለፋል። የቢሮ ኪራይ ግን አይተላለፍም።

ከተማው ትንሽ ስለሆነ ያስፈረድኩባት ሴት ቅዳሴ ላይ ከጎኔ ትቆማለች። ሰላም እንባባላለን። አንዳንዷ ፊቷን ታዞራለች። ይህን ሕግ ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም።

ሰሞኑን ገና የተመረቀች ልጅ "እትዬ፣ በቀጥታ ወደ ግል ሥራ ብገባስ?" ብላ ጠየቀችኝ። አይቸኩልሽ፣ አልኳት። መጀመሪያ ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ከአቤቱታ ጸሐፊዎቹ አጠገብ ተቀመጪና ባለጉዳይ ነገሩን ከየት እንደሚጀምር ስሚ። አንድም ሰው ከሕጉ አይጀምርም፤ ከአማቱ ነው የሚጀምረው። ሳቀች። ሰኞ የቀለብ መዝገብ አለኝ፣ አብራኝ ትገባለች።