የ30 ሳንቲም ገንቦ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ በሁለት የትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች መካከል የተደረገ የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ሄጄ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ተከላካይ ነው። አሸናፊዎቹ የዋጋ ወረቀቱ ገና ከሥሩ ያልተላጠ፣ ከሱቅ የተገዛ ዋንጫ ተሸለሙ። ለከርሞም እንዲሁ ሌላ ይገዛል። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አጫወትሁት፤ በራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ የሚፎካከሩት እነዚህ ተቋማት ለዘመናት የሚነጣጠቁት ገንቦ፣ መጥረቢያ፣ ባልዲና አሳማ ጭምር ነውና።

እኔ ከሁሉም ገንቦውን እወድዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 የሚሺጋን ቡድን ብዙ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ሚኒሶታን ሊገጥም ሚኒያፖሊስ ሲገባ፣ ባለሜዳዎቹ ውሃውን እንዳይበክሉብን በሚል ስጋት ነው ይባላል፣ አሠልጣኙ ፊልዲንግ ዮስት የራሳቸው የውሃ መያዣ እንዲፈለግ አዘዙ፤ በ30 ሳንቲምም አንድ የሸክላ ገንቦ ተገዛ። ጨዋታው 6 ለ 6 ሆኖ ሳለ ተመልካቹ በደስታ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ከነአካቴው ተቋረጠ፤ እንግዶቹም ገንቦአቸውን ረስተው ሄዱ። ኦስካር ማንሰን የተባለ የሚኒሶታ ሠራተኛ ዕቃውን አገኘው፤ በላዩም ላይ ውጤቱ ሲጻፍ የሚኒሶታ 6 በጉልህ፣ የሚሺጋን 6 ደግሞ በደቃቁ ተጻፈ። ሚሺጋኖች እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ፣ አሸንፋችሁ ውሰዱት የሚል መልስ እንደ ደረሳቸው ይነገራል። ሁለቱ ቡድኖች እንደገና የተገናኙት በ1909 ነበር፤ ሚሺጋን አሸንፎ ወሰደው።

የአሳማው ነገር ግን ከቀልድ የራቀ ጀርባ አለው። በ1934 ኦዚ ሲመንስ የተባለው ጥቁር የአዮዋ ተጫዋች በሚኒሶታዎች ክፉኛ ተመትቶ ስለነበር፣ በቀጣዩ ዓመት የአዮዋ ደጋፊዎች ቂም ይዘው ይጠብቁ ነበር። የሚኒሶታው አገረ ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን ውጥረቱን ለማርገብ ለአዮዋው አቻቸው ለክላይድ ሄሪንግ ቴሌግራም ልከው በአሳማ እንወራረድ አሉ፤ ሚኒሶታ 13 ለ 6 አሸነፈ፤ ሄሪንግም አሳማውን ከነነፍሱ ይዘው ኦልሰን ቢሮ ገቡ። ዛሬ ቡድኖቹ የሚረካከቡት ከነሐስ የተሠራ ምስሉን ነው። (ሐዋሳ ላይ ለአሸናፊ አሳማ ይሰጥ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ማን እንደሚሰማኝ እንጃ።)

የእህቴ ልጅ ግን ነገሩን በቁም ነገር ወስዶት፣ «ታዲያ ጋሼ፣ እኛስ ጀበና ብናደርገው?» አለኝ። ጀበናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮሚቴ ተሰብስቦ የመረጠው ጀበና ያው የሱቅ ዋንጫ ነው፤ ገንቦውን ያስከበረው መረሳቱና አለመመለሱ ነው አልሁት። የቡድኑን ቢጫ የውሃ ጀሪካን ሜዳው ዳር ትተው እንደ መጡ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነበር። ሰኞ ዕለት ሊያመጣ ሲሄድ፣ ተጋጣሚዎቹ እንዲከለክሉት አጥብቄ ተመኘሁ።

አጥበው ሰጡት።