«ሳ ሲታ»፦ ብቻዬን የመጓዝ ልምምዴ፣ ሦስተኛው ጉዞ

ሰላም ናችሁ። ብቻዬን መጓዝ መለማመድ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ሐረር ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሆድ ባሰኝና ትኬት አስቀይሬ ተመለስኩ። ሁለተኛው አርባ ምንጭ። እዚያ ሦስት ቀን ቆየሁ፣ ግን ሦስቱንም ምሽት ስልኬ ላይ ተደፍቼ ነው እራት የበላሁት። ከዓሣው ይልቅ ስክሪኑ ነው ትዝ የሚለኝ። ሦስተኛው ይኸውላችሁ፦ ዛንዚባር፣ አምስት ቀን። የምጽፈው ስለ አንዷ ቀን ብቻ ነው፤ ዕቅዴ ድራሹ ስለጠፋባት ቀን።

ለራሴ የሰጠሁት የቤት ሥራ ሦስት ነበር። ኮንትራት ታክሲ የለም። እራት ላይ ስልክ የለም። በቀን ቢያንስ ሦስት ሰው በስዋሂሊ ማናገር። ስዋሂሊዬ አንድ ወር ከስልክ መተግበሪያ የለቃቀምኳት ናት፣ ሰላምታና ቁጥር፣ በቃ።

መሄድ ለምታስቡ፣ ቶሎ ልበለው፦ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን እንዳትረሱ። ከጥቅምት 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ወዲህ ደግሞ ደሴቲቱ የራሷን የመንገደኛ መድን አስገዳጅ አድርጋለች፣ 44 ዶላር፣ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት ይከፈላል። ሌላ መድን አለኝ ብሎ ክርክር አያዋጣም።

ስዋሂሊ ለአማርኛ ተናጋሪ ግማሹ የታወቀ ነው። ባሕር «ባሃሪ»፣ ደቂቃ «ዳኪካ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሰባት «ሳባ»። ከዓረብኛ የገባ ነው ብዙው። ግን አንዷ ቃል ጉድ ሠራችኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ የኮኮናት ሻጭ ዋጋውን «ኤልፉ ምቢሊ» አለኝ። ኤልፉ እልፍ ነው፣ ምቢሊ ሁለት ነው፣ ሁለት እልፍ ሃያ ሺህ ነው ብዬ፣ በሒሳቤም ኮርቼ፣ ሁለት ባለ አሥር ሺህ ሽልንግ ኖት አወጣሁ። ሰውዬው አንዱን ኖት መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ከሌላኛው ስምንት ሺህ መለሰልኝ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የእነሱ ኤልፉ አንድ ሺህ ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሰዓታቸው ነው። ስዋሂሊም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ»፣ ቀትር «ሳ ሲታ»፣ ስድስት። የሰዓት ክልላችንም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓቴን አልነካሁትም። ውጭ አገር ሄጄ ሰዓት ሳልቀይርና በልቤ ስድስት ሳልደምር ሳልቀንስ የኖርኩት እዚህ ብቻ ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ጣጣው የመጣው ከዚሁ ስለሆነ።

ያቺ ቀን የጀመረችው ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ገደማ በአዛን ነው። ያረፍኩት ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ነበር። ሳይሞቅ ልዙር ብዬ ወጣሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ጠፍታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያው ነው፣ ግንቡ ብቻ ይረዝማል፣ እርጥበቱ ደግሞ ኖራውን ልጦታል። የበሮቹን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። የተፈለፈለ ጣውላ ላይ እንደ ጡት ሾጠጥ ያለ የነሐስ ጉልላት ተደርድሮበታል። ልማዱ ከሕንድ የመጣ ነው፣ እዚያ ዝሆን በር እንዳይገፋ ነበር ይባላል። ዛንዚባር ዝሆን የለም፤ ለጌጥ ቀረ።

ከሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ትልቁን፣ በ1883 የተሠራውን «የድንቅ ነገሮች ቤት» ከውጭ ነው ያየሁት። በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተደርምሷል። የባሪያ ገበያው ቦታ ላይ ወደተሠራው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነበር። ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፣ አንገታቸው ላይ እውነተኛ ሰንሰለት አለ። ፎቶ አላነሳሁም። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ፈገግ ብለው ሲነሱ አየሁ፣ እኔ ግን እጄ አልታዘዘልኝም። ብቻዬን በመሆኔ የተደሰትኩባት አንዷ ሰዓት ያቺ ናት። ማንም «በቃ እንሂድ» አላለኝም።

2 ሰዓት ላይ ቡና። የሰፈሩ አዛውንቶች የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠጡት፣ እጀታ በሌለው ስኒ፣ ልክ እንደኛ ሲኒ። ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለበትም፣ በጎን የለውዝ ጣፋጭ ይገዛል። «ሺካሞ» አልኳቸው። ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ማራሃባ!» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ። ይቺን አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃችኋል ማለት እችላለሁ። የቡናው ጣዕም? የቡና አገር ሰው ነኝ፣ ዝም ብል ይሻላል።

ዕቅዴ ይህ ነበር፦ ጠዋት ጆዛኒ ጫካ፣ ቀትር ላይ ፓጄ ባሕር ዳርቻ፣ ዋና፣ ማታ ከተማ። ደሴቲቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፣ ትንሽ ናት ብዬ ንቄያታለሁ። ዳራጃኒ ገበያ አካባቢ ዳላዳላ ያዝኩ። ዳላዳላ ማለት ያው ታክሲያችን ነው፣ አንዳንዱ ግን ከኋላው ጣራ የተሠራለት የጭነት መኪና ነው፣ ሰው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። ወያላው ጣራ ላይ አልጋ ጫነ። የአንድ ሰው አልጋ፣ ከነፍራሹ። ጉልበቴ ከአንዲት እናት የዓሣ ዘንቢል ጋር ተጣብቆ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ማንም ትከሻና ጉልበቱን ገልጦ አልተቀመጠም፤ እናንተም ረዘም ያለ ልብስ ያዙ፣ ከባሕር ዳርቻ ውጭ ነውር ነው።

ጆዛኒ ላይ አስጎብኚ ከመግቢያው ጋር አብሮ ይመጣል። እዚያ ያለው ቀይ ኮሎበስ የሚባል ጦጣ ከዛንዚባር ሌላ የትም በተፈጥሮ የለም። ለእኛ ግን የሥጋ ዘመድ ነው፣ የጉሬዛ ወገን። የእኛን ጥቁርና ነጩን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «ጉሬዛ» ብለው ነው የመዘገቡት። ይህን ለአስጎብኚው ስነግረው ደብተሩን አውጥቶ ጻፋት። እሱ ደግሞ በተራው ከሰል እንደሚበሉ ነገረኝ። የማንጎ ቅጠል ይወዳሉ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ግን ሆድ አይስማማውም፣ ስለዚህ ከተቃጠለ ግንድና ከሰው ጓሮ ከሰል እየለቀሙ ያኝካሉ፣ ከሰሉ ያንን መርዝ ይመጠዋል። አንዷ ልጇን አቅፋ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ መጣች። ከእኔ በላይ የደነገጠው አስጎብኚው ነው፣ ወደ ኋላ ጎተተኝ። መቅረብ ክልክል ነው፣ የሰው ጉንፋን ይይዛቸዋል።

አሁን ወደ ስህተቴ። ባሕሩ ይሄዳል ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐይቅ አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ «ይሄዳል» ሲባል አንድ አሥር እርምጃ ነበር የመሰለኝ። ያም ሆኖ ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ ማታውኑ የማዕበል ሰንጠረዥ በስልክ ከፍቼ ነበር። የፓጄ ዝቅተኛው ውኃ 12፡10 ይላል። ደስ አለኝ! 12 ሰዓት ማታ አይደል፣ ቀትር ላይ ከደረስኩ ሙሉ ባሕር አገኛለሁ ብዬ ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ በእኛ ሰዓት ሲያወሩኝ ውለው፣ ስልኬም በእኛ ሰዓት የሚያወራ መሰለኝ። የፈረንጅ 12፡10 ቀትር መሆኑ ጭራሽ ጭንቅላቴ ውስጥ አልመጣም።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፓጄ ወረድኩ። የዋና ልብሴን ከውስጥ ለብሻለሁ። በኮኮናት ዛፎቹ መሀል አልፌ ወጣሁ። ባሕር የለም።

ማጋነን አይደለም። ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ግራጫ አሸዋ፣ ከዚያ ኩሬ ኩሬ፣ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል፣ ውኃው በጣም ሩቅ ላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ጨረቃ ከሞላች ሁለተኛ ቀኗ ስለነበር ውኃው የሚሸሸውም የሚመጣውም ከሌላው ጊዜ በበለጠ ነው፤ ይህንንም በኋላ ነው ያወቅኩት። ተናድጄ ኮኮናት ስር ተቀመጥኩ። ከሰው ጋር ብሆን ኖሮ አንድ ሰው ላይ አሳብቤ ይቀለኝ ነበር። ብቻ ስትሆኑ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የራስ ነው፣ የሚቆጣችሁም የሚያጽናናችሁም የለም።

ከዚያ እንዲሁ ጫማዬን አውልቄ ወደ ውኃው መሄድ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ «ቪያቱ! ቪያቱ!» የሚል ድምፅ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ራሳቸው ላይ የገመድ ጥቅልል ተሸክመዋል፣ ጣታቸው ወደ እግሬ። ቪያቱ ጫማ ነው። ከዚያ ኩሬው ውስጥ አሳዩኝ፦ ጥቁር፣ እሾሁ ረጃጅም የባሕር ጃርት፣ አንድ ሁለት ሳይሆን መንጋ። ጫማዬን አድርጌ «ሺካሞ፣ ማማ» አልኳቸው። «ማራሃባ» ብለው እጄን ያዙና ወደ ሥራቸው ወሰዱኝ።

ሥራቸው የባሕር አረም እርሻ ነው፣ «ምዋኒ» ይሉታል። አሸዋው ላይ እንጨት ችካል በሰልፍ ተተክሏል፣ በችካሎቹ መሀል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ የአረም ቁራጭ በቀጭን ሲባጎ ታስሯል። የሚሠራው ውኃው ሲሸሽ ብቻ ነው። እሳቸው አጎንብሰው አንድ ቋጠሮ ሦስት ጊዜ አሳዩኝ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ነው የሚጠብቀው። እኔ ያሰርኩት አራቱም ተፈታ፣ አምስተኛው ያዘ። አጨበጨቡልኝ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ የጥርስ ሳሙናችንንና አይስክሬማችንን የሚያወፍረው እሱ ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲመጣ ግን ደህና ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ጥልቀት በሌለው ቦታ አልበረክት ብሏቸዋል። ወደ ጥልቁ ለመውሰድ ደግሞ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። እኔም ደፍሬ አልችልም። የገባኝን ያህል በእጅ ምልክት አወራን፣ ሁለታችንም ውኃውን እያየን ራሳችንን ነቀነቅን።

ሰዓት ስንት ላይ ነው የሚመለሰው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ «ባሃሪ፣ ሳ ንጋፒ?» ብዬ፣ ሰዋሰው የለ ምን የለ። ሰማይ አላዩም፣ ስልክ አላዩም። ካጠገባቸው የነበረውን ችካል ስር አዩና «ሳ ቲሳ» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት። ነገስ? «ሳ ኩሚ»፣ አሥር። በቀን ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እንደሚዘገይ መጽሐፉ የሚለውን፣ እሳቸው ሞላ አድርገው ነገሩኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የሚጮህ ማዕበል ጠብቄ ነበር፣ ግን ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ ኩሬው ከኩሬው ይገናኛል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ደረቴ ድረስ ገብቼ ቆምኩ። አልዋኘሁም። ለብ ያለ ነው፣ ጨው ዓይኔን ለበለበኝ፣ በቃ ቆምኩ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል።

አሥር ሰዓት ላይ ዳላዳላ ያዝኩ፤ ሲመሽ ስለሚጠፋ ብዙ አትቆዩ። ፎሮዳኒ የባሕር ዳር መናፈሻ ስደርስ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፣ ልጆች ከግንቡ ላይ ተንደርድረው ውኃ ውስጥ ይዘላሉ፣ ምግብ ሻጮቹ መብራታቸውን ያበራሉ። አንዱ ዋጋ ሳይነግረኝ ሦስት የዓሣ ስንጥቅ ሳህን ላይ ጫነልኝና ስከፍል ዋጋው ሰማይ ወጣ። ተከራክሬ ግማሹን አስመለስኩ። ዋጋ መጀመሪያ፣ ሳህን በኋላ! ከዚያ «የዛንዚባር ፒዛ» ገዛሁ፤ ፒዛ አይደለም፣ ስስ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነው። ከጎኑ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጉርሻዎች አልወርድ አሉኝ። ከዚያ የሚዘሉትን ልጆች መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ሲዘል ሱሪው ወለቀ። እየሳቅኩ ጨረስኩ።

እዚያው ስልኩ ጮኸ፣ እማዬ ናት። ለእናት ሲሆን ሕጉ አይሠራም።

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«ኧረ ሰው ሞልቷል፣ እማ።»

«የምታውቂው ማለቴ ነው።»

«ዛሬ አንዲት እናት ገመድ ማሰር አስተማሩኝ» አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «ምን በላሽ?» ብላ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባች።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ነገ ወደ ቻንጉ ደሴት የሚሄደው ጀልባ፣ በ1919 ከሲሸልስ ከመጡት ግዙፍ ኤሊዎች የተወለዱት ወዳሉበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል አለኝ፣ በእንግሊዝኛ።

«ሳ ታቱ?» አልኩት።

«ሳ ታቱ» አለ።

ሦስት ሰዓት። መብራቱን አጠፋሁና ተኛሁ።