ሁለት አጭር ክላክስ

ማክሰኞ ማታ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ብቅ አለ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። እጄ ቀድሞ ክላክሱ ላይ አረፈ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩት፣ አሁንም ዝም። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ልጁ ኳሱን አንስቶ ተመለሰ፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ጉልበቴ ግን ቤት እስክደርስ መንቀጥቀጡን አልተወም።

ቤት ስደርስ ደግሞ ሌላ ነገር። እኔና እማዬ ምልክት አለን። በሩ ጋ ስደርስ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጌ ክላክስ አደርጋለሁ፣ እሷ ወጥታ መቀርቀሪያውን ትስባለች። አባዬ ያስለመደን ነው፣ መኪናዋም የእሱ ቪትዝ ናት። ያን ማታ ወርጄ ቆርቆሮውን ደበደብኩ። "ማነው በዚህ ሰዓት እንዲህ የሚደበድበው?" አለች ከውስጥ፣ ድምፅዋ ፈርቷል። እናቴን በገዛ በሯ ማስፈራቴ በጣም ከበደኝ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "መሪው ተፈቶ ውስጡ ይቀየራል" አለኝና ዋጋ ጠራ። ያናደደኝ ዋጋው አይደለም፣ ሳያይ መናገሩ ነው። መሪው ውስጥ እኮ ኤርባግ አለ፣ ባትሪ ሳይነቀል እንዲሁ የሚፈታ ነገር አይደለም። አመስግኜ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከባድ መኪና ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴና ቴስተር ይዘው መጡ። "መጀመሪያ ጆሮሽን ስጪኝ ልጄ" አሉኝ። ወንድሜ መሪው ላይ ተቀምጦ ሲጫን እኛ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ አጎንብሰን አዳመጥን። ቀጭ። ሲለቅ ቀጭ። ያቺ ድምፅ የሪሌው ናት። መሪው ላይ ያለው ቁልፍ ለክላክሱ በቀጥታ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፣ ሪሌውን ነው የሚያዘው፣ ከባትሪ የመጣውን የሚያሳልፈው ሪሌው ነው። ስለዚህ ሪሌው ቀጭ ካለ ትእዛዙ ከመሪው ወጥቷል ማለት ነው። ሰውየው ሊፈታው የነበረው መሪ ደህና ነው! ቀጭ ባይል ኖሮ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ መሪ ስር የሚጠቀለለውን ሽቦ እንጠረጥር ነበር፣ በተለይ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት አብሮ ከበራ።

ፊውዙንም ነቅለን አየነው፣ 10 አምፔር፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት አልተበጠሰችም። ጋሼ እዚህ ላይ ቆጣ ብለው ነገሩኝ፤ ፊውዝ ሲቃጠል በእሱ ቦታ ሽቦ ጠቅልሎ የሚከት ሰው መኪናውን ለእሳት እየሰጠ ነው። እኔም ይህን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ ተዉት።

ክላክሱ ያለው ከፊት፣ ከፍርግርጉ ኋላ ነው። ጭቃው፣ አቧራው፣ የክረምቱ ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሶኬቱን ነቅለው ቴስተር ሰኩበትና ወንድሜን "ተጫን" አሉት። መብራቱ በራ። ኤሌክትሪኩ እዚህ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። የቀረው የታሰረበት ቡሎን ነው፣ የእኔ ክላክስ ኔጌቲቭ የሚያገኘው በዚያ በኩል ስለሆነ ዝገት ከያዘው አይሠራም። ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ፈገፈግነው። መልሰን አሰርነው። ዝም።

በመጨረሻ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስበው ነኩት። አንዴ የታመመ ሰው እንደሚያቃስት ዓይነት ድምፅ አወጣ፣ ከዚያ ጸጥ። ከኋላው ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ አዞሩለት፣ አሁንም ጸጥ። "ይሄ አበቃለት" አሉ፣ በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። አባዬን ያውቁት ነበር።

ሰኞ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ክላክስ ገዛሁ። ሳልከፍል በፊት ባለሱቁ ባትሪ ላይ አስነክቶ አሰማኝ፣ ሳትሰሙ አትግዙ። ማሰሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ማታ በሩ ጋ ደርሼ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጌ ነፋሁ። መቀርቀሪያው አልተሳበም። ደገምኩ። "ማነው?" አለች እማዬ።

"እኔ ነኝ እማዬ፣ ተሠራ እኮ!"

ከፈተች። መኪናዋን ዞር ብላ አየቻት። "የአባትሽ እንዲህ ቀጭን አልነበረም" አለች። ከዚያ ቆየት ብላ "አሮጌውን ጣልሽው?" አለችኝ።

አልጣልኩትም። በፌስታል ጠቅልዬ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ። አውጥቼ ሰጠኋት።